ውሻዎን እንዴት ያስከትባሉ? ከነከሰስ ምን ያደርጋሉ?

«የኛ ውሻ ከግቢ አይወጣም» የሚል አዲስ አበቤ ብዙ ነው። በር ሲከፈት ሹልክ የሚለውን፣ በአጥር ሥር የምትገባውን የሰፈር ድመትና ሌሊት ቆሻሻ ፍለጋ የሚመጣውን ጅብ ግን ማን ይቆጥራል? የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በለሃጭ ስለሚተላለፍ አንዲት ንክሻ ትበቃዋለች። ስለዚህ ከግቢ የማይወጣውም ይከተባል፤ ድመትም እንዲሁ።

ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት። ዕድሜው የማይታወቅ ትልቅ ውሻ ከሆነ ቤትዎ በገባ ሰሞን ያስከትቡት። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለው ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው እንዴት እንደሚሆን መጠየቅ ነውር የለውም። ከተወጋ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ቢደብተው አይደንግጡ፤ ፊቱ ካበጠ ግን ወዲያው ይመልሱት። መከላከያው እስኪዳብር 3 ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ዛሬ ተከተበ ብለው ነገ አይልቀቁት። ቀጣዩ መርፌ በዓመቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ካርዱ ይነግርዎታል።

ካርዱ ላይ የክትባቱ ስም፣ የብልቃጡ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም መኖራቸውን አይተው ይውጡ። በስልክዎም ፎቶ ያንሱት፤ ካርድ የሚፈለገው ሁልጊዜ በጠፋበት ቀን ነው። ውሻውን ይዘው ወደ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለመሄድ ካሰቡ ማይክሮቺፕም (ቆዳው ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) ያስፈልጋል። ለአውሮፓ የደም ምርመራና የወራት ጥበቃ ስለሚጨመር ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይጀምሩ።

በርዎን ይዝጉ፤ ሲያወጡትም በማሰሪያ ይያዙት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። «ሳላየው አመለጠኝ» ማለት አያድንም።

አሁን ዋናው ነገር። ውሻዎ ሰው ነከሰ እንበል።

መጀመሪያ ወደ ሰውየው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡለት። ቧንቧው ከሄደ ከጀሪካን እያንቆረቆሩ ይጠቡ። ቡናም ቅጠልም አይነስንሱበት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ሰው ዛሬም የሚሸሸው ሆድ ላይ በተከታታይ ይወጋ የነበረውን የድሮ መርፌ እያሰበ ነው፤ ዘመናዊው ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን ቁጥሩም ጥቂት ነው። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ክትባቱን ግን አያዘግይ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ወደ ውሻው። እዚህ ላይ ነው ሰፈሩ ሁሉ የሚሳሳተው፤ ዱላና ድንጋይ ይዞ ይወጣና ይገድለዋል። የሞተ ውሻ ግን ታማሚ ይሁን ጤነኛ አይናገርም። ቢከተብም ባይከተብም ጥላ ሥር ይሰሩት፣ ውኃና ምግብ ይስጡት፣ ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁና 10 ቀን ይጠብቁ። ካርዱን ደብቀው ሳይሆን አውጥተው ለተነካሹ ቤተሰብ ያሳዩ፤ ከሌለዎትም «የለኝም» ይበሉ። 10ኛው ቀን ድረስ ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ዕለት ለሃጩ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም የቀሩትን መርፌዎች ሊያስቆም ይችላል። ሰውየው ግን ውጤቱን እየጠበቀ ሕክምናውን አያቆይ።

በእነዚያ ቀናት ድምፁ ከተለወጠ፣ ጨለማ ከፈለገ፣ ከተንገዳገደ፣ እንጨትና ድንጋይ ከነከሰ ወይም አገጩ ወርዶ ለሃጩ ከተዝረከረከ አይጠጉት። አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል ብለው እጅዎን አፉ ውስጥ እንዳይከቱ! ከሞተ ደግሞ ምርመራው የሚሠራው አንጎሉ ላይ ስለሆነ ጭንቅላቱ መጎዳት የለበትም። ቆርጦ መላክ የሐኪም ሥራ ነው፤ እርስዎ አይንኩት። የሚመረመረው ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ባለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰፈሩ ዛሬም «ፓስተር» ይባላል፤ በ1885 እ.ኤ.አ. በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅን በክትባት ባዳነው በሉዊ ፓስተር ስም መሆኑ ነው።

ያልተከተበ ውሻ በክትትሉ ጊዜ አይከተብም፣ ምልክቱን ያምታታልና። 10ኛው ቀን በሰላም ካለፈ በ11ኛው ጠዋት ማሰሪያውን ይዘው ወደ ክሊኒክ ይሂዱ።