ተራራ መውጣት ለሚያምረው ጓደኛ ስጦታ እንዴት ይመረጣል?

"እስቲ እኔም አንድ ቀን ተራራ ልውጣ" የሚል ጓደኛ ገና ጉጉት ላይ ነው። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ቢሰጡት ዕቃው አልጋ ሥር ሊከርም ይችላል፤ ጉዞውን ባይወደው እንኳ በይሉኝታ ደጋግሞ መሄድ ይመጣበታል። ስለዚህ በመጀመሪያው የግማሽ ቀን ጉዞ የሚያገለግል፣ ጉዞው ቢቀርም ለሌላ ነገር የሚውል ዕቃ ይምረጡ።

መጀመሪያ ያለውን ይወቁ። "ቅዳሜ ብንሄድ ምን ትይዛለህ?" ብለው ጣል ቢያደርጉ የጎደለውን ራሱ ይነግርዎታል። የጫማ ቁጥሩንም በዚያው ይያዙ፤ ለካልሲ ይፈለጋል።

ቀጥሎ የማይገዛውን ይለዩ። ጫማ በፍጹም አይግዙ። ቁጥሩን ቢያውቁም የእግሩን ስፋት አያውቁም። እግር ረጅም መንገድ ሲሄድ ያብጣል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጣት ወደፊት እየሄደ የጫማውን ጫፍ ይመታል። ባለቤቱ ራሱ፣ የሚሄድበትን ካልሲ አድርጎ መለካት አለበት። ትልቅ የጀርባ ቦርሳም በጀርባ ርዝመት ስለሚመረጥ ለእሱ ይተዉለት።

አሁን እንደ ኪስዎ ይምረጡ። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ሁለት ጥንድ የሜሪኖ ሱፍ (ሜሪኖ ከሚባል የበግ ዝርያ የሚገኝ ለስላሳ ሱፍ) ካልሲ ጥሩ ስጦታ ነው። ጥጥ ላብን ይዞ ይቀራል፤ የራሰ ቆዳ ሲፋተግ እግር ውሃ ይቋጥራል፤ ብዙ ጀማሪ ከመንገድ የሚመለሰው በዚህ ነው። መለያው ላይ ከሱፉ ጋር ናይለን መቀላቀሉን ይዩ፤ ንጹሕ ሱፍ ተረከዙ ጋ ቶሎ ይሳሳል። ከዚያ ካልሲውን ገልብጠው በጣቶቹ በኩል ያለውን ስፌት ይዳስሱ። ጉብ ብሎ ከተሰማዎት አይውሰዱት፤ ሱቅ ውስጥ ለእጅ የተሰማ፣ መንገድ ላይ እግር ይልጣል።

ከፍ ያለ በጀት ካለ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይግዙ። ከሁሉም የምንመርጠው ይህንን ነው፤ ልክ አይጠይቅም፣ መብራት ሲጠፋም ቤት ውስጥ ይሠራል። ለጀማሪ ከ200 እስከ 300 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል፤ በሺህ የሚቆጠር ሉመን የተጻፈበት ርካሽ ባትሪ ሲያጋጥምዎ አይመኑት። መብራቱ ወደ መሬት መታጠፉንና ማብሪያው የሚቆለፍ መሆኑን ይሞክሩ። የማይቆለፍ ከሆነ ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ሲበራ ይውልና ሲመሽ ባዶ ሆኖ ይገኛል። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ አንድ ሙሉ ቅያሪ ይጨምሩበት።

ጓደኛዎ ጉልበቱን የሚያመው ከሆነ ግን ጥንድ የመራመጃ ምርኩዝ ይሻለዋል፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ ከጉልበት ላይ ጫና ይቀንሳል። ርዝመቱ የሚስተካከል ይሁን፦ ጫፉ መሬት ነክቶ መያዣውን ሲጨብጥ ክርኑ 90 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። በመጠምዘዝ ከሚጠብቀው ይልቅ ከውጭ በመቆለፊያ የሚጠብቀው ይመረጣል፤ ጠምዛዛው አቧራና እርጥበት ሲገባው ይንሸራተታል። ካርቦን ይቀላል፤ ሆኖም በጎን ሲመታ ሊሰበር ይችላል፣ አሉሚኒየም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል። ለጀማሪ አሉሚኒየሙ ይበቃል።

የቀረ ገንዘብ ካለ ፊሽካ ያክሉበት፤ ሦስት ጊዜ አከታትሎ መንፋት የእርዳታ ጥሪ መሆኑንም ይንገሩት። ከመጠቅለልዎ በፊት ዋጋውን ብቻ ያንሱ። ሌላውን መለያ አይቁረጡ፣ ደረሰኙንም እርስዎ ጋ ያቆዩት፤ ካልሲው ቢጠበው መቀየር ይቻላል።