ሃይስኩል ሲቀየር ከክፍል ስንተኛ የመውጣት ደረጃ አብሮ አይሄድም፦ አሜሪካ ያለን ወላጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

ሥራ ተቀይሮ፣ ኪራይ ጨምሮ፣ ወይም «እዚያኛው ሰፈር ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው» ተብሎ ልጅን ከአንድ ሃይስኩል ወደ ሌላ ማዛወር ያለ ነገር ነው። እኛም አድርገነዋል። ልጄ 10ኛ ክፍልን ስምንተኛ ወጥታ ጨረሰች፣ ሰመር ላይ ቤት ቀየርን። ትምህርት ሲጀመር አዲሱ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ትራንስክሪፕቷን (የኮርሶችና የውጤቶች ዝርዝሯን) ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ እያሰመረ አሳየን። ድሮ ትምህርት ቤቷ «አነርስ» (ከመደበኛው ከበድ ያለ ኮርስ) ተብለው ኤ ሲመጣባቸው 4.5 ይቆጠሩ የነበሩት ሦስት ኮርሶች እዚህ 4.0 ሆነዋል። ለምን? አዲሱ ትምህርት ቤት እነዚያን ኮርሶች በአነርስ ደረጃ አይሰጥም፣ የማይሰጠውን ደግሞ አይቆጥርም። አንድም ውጤት አልተነካም፣ ኤው ኤ ነው። ደረጃዋ ግን 41ኛ ሆነ። ቤት እስክንደርስ መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ ወዲህ ልጅ ሊያዛውር ያሰበ ሰው ሁሉ ሲደውልልኝ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው።

«ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ምን ትሆናለች?» ማለት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ውጤት ይዛወራል፣ ደረጃ ግን አይዛወርም። ደረጃ ማለት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ወይም ዲስትሪክት (የአካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር) በራሱ ስሌት የሚያወጣው ቁጥር ነው፣ ስሌቱም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። አንዱ በኤፒ ኮርስ (ሃይስኩል ውስጥ በሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት) ለመጣ ኤ 5.0 ይሰጣል፣ ሌላው ምንም አይጨምርም። አንዱ ኤ ማይነስን 3.7 ይለዋል፣ ሌላው ፕላስና ማይነስ የሚባል ነገር አያውቅም። ስፖርትና ሙዚቃን አብሮ የሚደምር አለ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክና የውጭ ቋንቋን ብቻ የሚደምርም አለ። ከሌላ ቦታ የመጣን ውጤት ክሬዲቱን ተቀብለው ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ውስጥ የማያስገቡም አሉ፣ አዲስ ተማሪን የተወሰነ ሴሚስተር እስኪቆይ ድረስ ጭራሽ ደረጃ የማይሰጡም አሉ።

ስለዚህ የቤት ኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ለአዲሱ ትምህርት ቤት ካውንስለር ኢሜይል ጻፉ። ስልክ አይደለም፣ ኢሜይል። መልሱ በጽሑፍ ይኑራችሁ። የልጁን ትራንስክሪፕት አያይዛችሁ ጠይቁ፦ እናንተ ጋ ቢመጣ እያንዳንዱ ኮርስ በስንት ይቆጠራል? እናንተ የማትሰጡት አነርስ ወይም ኤፒ ምን ይሆናል? ደረጃ ውስጥ የሚገባው ከመቼ ጀምሮ ነው? አንደኛ ለመውጣትስ ስንት ዓመት እዚያ መማር ይጠይቃል? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው አይታየውም። 12ኛ ክፍል ላይ ጂፒኤው ከሁሉም በልጦ፣ ዘግይቶ ስለመጣ ብቻ አንደኝነቱ የማይታወቅለት ልጅ አለ። ያማል።

ትምህርት ቤቱ ደረጃ ይስጥ አይስጥ ሳያጣሩ መጨነቅ

ዛሬ ብዙ ሃይስኩሎች ለኮሌጅ ደረጃ መላክ ትተዋል። የምትሄዱበት ከእነዚያ አንዱ ከሆነ ጭንቀታችሁ በግማሽ ይቀንሳል። ኮሌጁ የሚያየው ትራንስክሪፕቱን፣ የኮርሶቹን ክብደትና ትምህርት ቤቱ አብሮ የሚልከውን ስኩል ፕሮፋይል (ስለ ትምህርት ቤቱ ኮርሶችና ውጤት አሰጣጥ የሚገልጽ ወረቀት) ነው። ጂፒኤውንም ብዙ ኮሌጆች በራሳቸው ቀመር እንደገና ያሰሉታል።

የስቴቱን ሕግ ሳያነቡ መወሰን

ደረጃ ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረው ቴክሳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ሕግ መሠረት ከክፍሉ ከላይ 10 በመቶ ውስጥ የጨረሰ የቴክሳስ ተማሪ የስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ይቀበሉታል። ኦስቲን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ግን በዚህ መንገድ የሚገቡት ከስቴቱ ተማሪዎች ቦታ 75 በመቶውን እንዳያልፉ ሕጉ ስለፈቀደለት መስፈርቱ ጠብቋል፤ ለዓመታት 6 በመቶ ነበር፣ በ2026 ፎል ለሚገቡት ደግሞ 5 በመቶ ሆኗል። በቁጥር እንየው። 400 ተማሪ ባለበት ክፍል 5 በመቶ ማለት 20 ልጅ ነው። 15ኛ የነበረች ልጅ ጠንካራ ተማሪ ወደበዛበት፣ ያው 400 ልጅ ወዳለበት ትምህርት ቤት ሄዳ 30ኛ ብትሆን 10 በመቶው ውስጥ አለች፣ ለኦስቲን የነበራት ዋስትና ግን ሄዷል። ማመልከት ትችላለች፣ ልትገባም ትችላለች፤ ግን ከሌላው ጋር ተወዳድራ ነው። ዋስትናው ደግሞ ለዩኒቨርሲቲው እንጂ ለምትፈልገው የትምህርት ዘርፍ አይደለም፤ ኢንጂነሪንግ የምትል ልጅ 1ኛ ብትወጣም ለዘርፉ ትወዳደራለች። በዚያው በቴክሳስ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የትምህርት ክፍያ ነፃ የሚሆንበት ሕግም አለ። አንደኛ ለመባል ስንት ዓመት ያስፈልጋል ብላችሁ ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ጭምር ነው።

ካሊፎርኒያ ሌላ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ለዚህ በዘረጋው ፕሮግራም ከታቀፈ ከእያንዳንዱ ሃይስኩል ከላይ 9 በመቶ ለሚሆኑት ከካምፓሶቹ በአንዱ ቦታ ካለ እንደሚያገኙ ቃል ይገባል። አንዱ ካምፓስ በርክሊ ወይም ሎስ አንጀለስ ይሆናል ማለት አይደለም። ስሌቱም የሚሠራው ዩኒቨርሲቲው በተቀበላቸው ኮርሶች በ10ኛና በ11ኛ ክፍል በመጣ ውጤት ነው፣ የ9ኛ ክፍል ውጤት አይገባም። ማለፊያው ነጥብ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፣ ስለዚህ ከ11ኛ ክፍል በፊት መዛወር ልጁን የሚያወዳድሩበትን መስመር ይቀይረዋል።

ጆርጂያ ያላችሁ ደግሞ ሆፕ ስኮላርሺፕን (ስቴቱ ለኮሌጅ የሚሰጠውን ድጎማ) አስቡ። ለእሱ የሚጠየቀውን 3.0 ጂፒኤ የሚያሰላው ስቴቱ ራሱ ነው፣ ከዋና ዋና ትምህርቶች ብቻ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የምታዩት ቁጥር ላይሆን ይችላል። ስቴት የሚቀይር ሰው ይህንንም ይያዝ፦ በብዙ ስቴት በነዋሪ ዋጋ (ባነሰ የኮሌጅ ክፍያ) ለመማር ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 12 ወር መኖር ይጠይቃል። 12ኛ ክፍል መሀል ስቴት መቀየር በደረጃ ብቻ ሳይሆን በገንዘብም ይጎዳል።

አንደኛ እንዲወጣ ብሎ ቀላል ትምህርት ቤት መውሰድ

ይህን የሚመክሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ማመልከቻ የሚያነበው ሰው ሁለቱንም ትራንስክሪፕት ያያል። 20 ኤፒ ከሚሰጥ ትምህርት ቤት ተነስቶ 4 ብቻ ወዳለበት የሄደ ልጅ ጉዳይ ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ነው፤ ካልኩለስ ሳይነካ ኢንጂነሪንግ ክፍል ሲቀመጥ የሚደርስበትን አስቡት።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። ስም ያለው ትምህርት ቤት ስሙ ብቻ አያስገባም። ልጁ መሀል ላይ ገብቶ የሚፈልገው ኤፒ ክፍል ሞልቶ ቢጠብቀው ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ጠይቁ፣ ለአዲስ ተማሪ ቦታ አለ ወይ?

በዓመቱ መሀል ማዛወር

ከቻላችሁ ሰመርን ጠብቁ። አንዳንድ ትምህርት ቤት የዓመቱን ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ጨምቆ ያስተምራል፣ ሌላው ዓመቱን ሙሉ ይወስዳል። ጥር ላይ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሄደ ልጅ ባዮሎጂን ጨርሶ መጥቶ፣ ያልጀመረው ኬሚስትሪ ግማሽ ላይ ይደርስበታል። ኤፒ ፈተና የሚመዘገቡት ኅዳር አካባቢ ነው፣ ከዚያ በኋላ የተዛወረ ልጅ ምዝገባው አብሮት እንዲዛወር ለአዲሱ የኤፒ አስተባባሪ በጊዜ መንገር አለበት። የሚወዳደር ስፖርተኛ ከሆነ ደግሞ የስቴቱ ስፖርት ማኅበር ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጫወት ሊያግደው ይችላል፣ አስቀድማችሁ አሠልጣኙን አነጋግሩ።

የድሮ መምህራንን ሳይሰናበቱ መሄድ

ኮሌጆች ብዙ ጊዜ የድጋፍ ደብዳቤ የሚፈልጉት ከ11ኛ ክፍል መምህር ነው። ከ11ኛ በኋላ የሚዛወር ልጅ ከመሄዱ በፊት ሁለት መምህራንን ፊት ለፊት ይጠይቅ፣ ኢሜይላቸውን ይያዝ። አዲሱ ካውንስለር ልጁን ካወቀው ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ምን ብሎ ይጽፍለታል? አንድ ገጽ ስለ ልጃችሁ ጽፋችሁ ስጡት፣ ደስ ይለዋል።

ማመልከቻው ላይ ዝም ማለት

ኮመን አፕ (ብዙ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ) የተማሩበትን ሃይስኩል ሁሉ ይጠይቃል፣ ለምን እንደተቀየረም ማስረዳት ይቻላል። «የአባቴ ሥራ ተዛወረ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት የአነርስ ኮርሶቼን በመደበኛ ስለቆጠራቸው ደረጃዬ ወረደ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። የድሮውን ትምህርት ቤት ማማት አያስፈልግም። ካውንስለሩም በሚልከው ሪፖርት ላይ ይህንኑ እንዲጠቅስ ጠይቁት፣ ከእሱ ሲመጣ ይበልጥ ይታመናል።

ወረቀት አለመሰብሰብ

ከአገር ቤት ልጅ የምታመጡ፣ ትራንስክሪፕቱን አስተርጉማችሁ ኑ። አንዳንድ ዲስትሪክት የውጭ ውጤትን «አልፏል» ብሎ ብቻ ይመዘግባል፤ ክሬዲት ያገኛል፣ ጂፒኤ ውስጥ ግን አይገባም፣ ስለዚህ ደረጃው እዚህ በሚያመጣው ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ የምትዛወሩም የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ (የትምህርቱን ይዘት ዝርዝር) ሰብስቡ፣ በተለይ የአነርሶቹን።

እኛ ይሄን ዘግይተን ነው ያወቅነው። ካውንስለሩ ራሱ ነው፣ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ሲላበስ አምጡ ያለን። የሁለቱን ኮርሶች አገኘን፣ ተቆጠሩላት፣ 41ኛ የነበረችው 26ኛ ሆነች። የሦስተኛው መምህር በሰመሩ ሥራ ለቆ ነበር። ሲላበሱን የሚሰጠን ሰው አላገኘንም።