በቨርጂኒያ የስቴት ምርጫ ድምፅ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ቨርጂኒያ የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ የወገኖቼን ስህተቶች በሁለት እከፍላቸዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ በደቂቃ የሚታረሙና ጨርሶ የማይታረሙ።

ከማይታረመው ልጀምር። በቨርጂኒያ የሚመርጠው የአሜሪካ ዜጋ ብቻ ነው፤ ግሪን ካርድ አይበቃም። ይህን የማያውቅ የለም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ከወንዙ ማዶ የምትገኘው የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎቿ በከተማ ምርጫ እንዲሳተፉ ከፈቀደች ከ30 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ዋሽንግተን ዲሲም በ2024 በአካባቢ ምርጫ ይህንኑ ጀምራለች። ወሬ ድንበር አያውቅምና «ግሪን ካርድ ያለውም ይመርጣል እኮ» የሚለው አሌክሳንድሪያ ይደርሳል። ሰውየውም መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ሲሄድ፣ ዜጋ መሆኑን ለሚጠይቀው መስመር ሳያነብ «አዎ» ይልና ይመዘገባል። ከዓመታት በኋላ የዜግነት ማመልከቻ ሲሞላ ግን ቅጹ ለምርጫ ተመዝግቦ ወይም ድምፅ ሰጥቶ ያውቅ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቀዋል፤ መልሱም ዜግነቱን ከማስከልከል አልፎ ከአገር እስከ መባረር ሊያደርሰው ይችላል። በስህተት የተመዘገበ ሰው ካለ ድምፅ ሳይሰጥ፣ ማመልከቻውንም ሳይነካ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ሁለተኛው ስህተት በቀላሉ የሚታረም ሲሆን ሰው አፍሮ ሳያሳርመው ይሄዳል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በእስክሪብቶ ተሞልቶ ስካነር ውስጥ የሚገባ በመሆኑ፣ ከዕጩው ስም ጎን ያለችውን ሞላላ ክብ ሙሉ በሙሉ ማጥቆር ያስፈልጋል። አገር ቤት በኤክስ ምልክትና በጣት አሻራ የመረጡ ሰዎች እዚህም ኤክስ አድርገው ይመጣሉ። የባሰው ግን አንዱን አጥቁሮ፣ ሰርዞ፣ ሌላውን ማጥቆር ነው። በ2017 በኒውፖርት ኒውስ ለስቴቱ ተወካዮች ምክር ቤት 94ኛ ወንበር በተደረገው ውድድር፣ ድጋሚ ቆጠራው ሼሊ ሲሞንድስን በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸናፊ አድርጎ ነበር። በማግሥቱ ዳኞች ፊት የቀረበችው ወረቀት ግን የሁለቱም ተወዳዳሪዎች ክብ የጠቆረባት፣ በሲሞንድስ ክብ ላይም ጭረት የተሰመረባት ነበረች። ዳኞቹ ድምፁን ለሪፐብሊካኑ ተቀናቃኟ ለዴቪድ ያንሲ ሰጡ፤ ሁለቱም እኩል 11,608 ድምፅ ያዙ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ስማቸው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተጨምሮ ዕጣ ወጣ፤ ያንሲ አሸነፉ፤ ሪፐብሊካኖችም ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀጠሉ። ያ መራጭ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ «ተበላሽቶብኛል፣ ሌላ ስጡኝ» ቢል ኖሮ ዕጣም ዳኛም ባላስፈለገ። የተበላሸችው ትሰረዝና አዲስ ይሰጥዎታል፤ ማንም አይቆጣዎትም። ስካነሩ ከዋጣት በኋላ ግን አለቀ።

ወረቀቱን መገልበጥም አይርሱ። እኔ ራሴ ዜጋ በሆንኩበት ዓመት የቦንድ ጥያቄውን (መንግሥት ገንዘብ ይበደር ወይስ አይበደር የሚለውን) ጀርባው ላይ ሳላየው ወጥቻለሁ።

ስማችን ሌላው ጣጣ ነው። መዝገቡ የሚፈለገው በመጨረሻ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ ስማችንን ስንጠየቅ የራሳችንንና የአባታችንን እንናገራለን። አንድ አባት እንዲሁ ተናግረው ስማቸው ሲጠፋ፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ በሩ ዞሩ። «አባባ፣ እስቲ መታወቂያዎን ይስጡኝ» ብዬ ሳየው የአያታቸው ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ገብቷል። ስማቸው በአንድ አፍታ ተገኘ። ቀኑ ያለፈበት የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድም ሆነ ስምና አድራሻ ያለበት የቅርብ ጊዜ የባንክ ወረቀት ተቀባይነት አለው፤ ምንም መታወቂያ ካልያዙም ማንነትዎን በፊርማ ማረጋገጥ ይችላሉ።

እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብደው ሰው፣ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እስካልሆነ ድረስ፣ የፈለገውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ልጆች ግን፣ እናታችሁን ስሞቹን አንብቡላት እንጂ ቀድማችሁ አታጥቁሩላት። ዕድሜያቸው 65 የሞላ ወይም አካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ከመኪናቸው ሳይወርዱ መምረጥ ይችላሉ።

የቨርጂኒያ ገዥ የሚመረጠው እንደ 2021 እና 2025 ባሉ፣ ፕሬዚዳንት በማይመረጥባቸው ዓመታት ስለሆነ፣ በየአራት ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ብቻ ብቅ የሚል መራጭ የስቴቱን ምርጫ ከነጭራሹ ያመልጠዋል።

በመጨረሻ ሰዓቱ። ጣቢያዎች የሚከፈቱት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሲዘጋ ሰልፍ ላይ የነበረ ሁሉ ይመርጣል። አንዲት እናት ልጃቸው በስልክ «እስከ 7 ሰዓት ክፍት ነው» ብሎ ቢጽፍላቸው፣ በአገር ቤት አቆጣጠር አስበው ምሳ ሲያቀርቡ «ዘግተውታል» ብለው ተቀመጡ። ልጁ ከሥራ ሲመለስ የእኛ 1 ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ የሰልፉ ጭራ ላይ ደረሱልን።