ቋንቋው ለዘገየ ልጅ አንዱን ተረት ደጋግሞ መተረክ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጃችሁ ቃላት የሚያጥሩት ወይም ዓረፍተ ነገር አያይዞ ለመናገር የሚቸገር ከሆነ፣ በየቀኑ አዲስ ተረት ከመፈለግ ይልቅ አንድ አጭር ተረት ለሳምንት ያህል ደጋግማችሁ ተርኩለት፤ ታሪኩን አስቀድሞ ሲያውቀው ሐሳቡን ለመከተል ስለማይቸገር፣ ትኩረቱን በቃላቱና በዓረፍተ ነገሩ አሠራር ላይ ማሳረፍ ይችላል።

ባለታሪኩን፣ የገጠመውን ችግር፣ ያደረገውን ነገርና መጨረሻውን የሚያሳዩ 4 ሥዕሎችን በቅደም ተከተል ደርድሩለት፤ ሥዕሎቹ የግድ ያማሩ መሆን የለባቸውም። ተርካችሁ ስትጨርሱ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁትና ቢያንስ 5 ሰከንድ በዝምታ ጠብቁት። ይህ ዝምታ ለአዋቂ እጅግ የረዘመ ይመስላል፤ ለልጁ ግን ቃሉን ፈልጎ የሚያገኝበት ጊዜ ነው።

«ድመት ወደቀ» ቢላችሁ «እንዲህ አይባልም» አትበሉት። «አዎ፣ ድመቷ ከዛፍ ላይ ወደቀች» ብላችሁ የራሱን ሐሳብ አቃንታችሁና ጥቂት ቃላት ጨምራችሁ መልሱለት እንጂ እንዲደግመው አታስገድዱት። የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ቃል ያጣ ልጅ ሥዕሉን በጣቱ ቢጠቁም ወይም ድርጊቱን በአሻንጉሊት ቢያሳይ፣ እንደ ሙሉ መልስ ተቀበሉት።

ተረቱን አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ ተርኩለት። የመስማት ችግር ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ስለሚቆይ ግን ጆሮውን ማስመርመርንና ባለሙያ ማማከርን ለነገ አታሳድሩ።