ጎርጎራ ዓሣ ለማጥመድ መቼ እንውረድ? መጀመሪያ ወሩን፣ ቀጥሎ ነፋሱን፣ ከዚያ ጨረቃዋን

ነሐሴ ላይ አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ቅዳሜ ጎርጎራ ልንወርድ ነው፤ ጨረቃዋ እንዴት ናት?» አለኝ። ነገርኩት። ቀጥዬ ግን «እባክህ አትሂድ» አልኩት። በነሐሴ ጎርጎራ ያለችበት ጣና ሐይቅ ድፍርስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ፣ ነጭ ዓሣውም ሊራባ ወደ ወንዞቹ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ጨረቃ አታስተካክለውም።

ከጎንደር ተነስቶ ዓሣ ለማጥመድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ወሩን ይምረጥ። ከዚያ ነፋስ የሚረጋበትን ሰዓት ይፈልግ። ጨረቃ ሦስተኛ ናት፤ እሷም የምታስፈልገው በአብዛኛው በሌሊት ለሚያጠምድ ነው። ብዙ ሰው ግን ገልብጦ ነው የሚያየው። ስልኩ ላይ የጨረቃ አፕ ይጭናል፣ አፑ «ዛሬ ጥሩ ቀን ነው» ሲለው መንጠቆውን ይዞ ይነሳል፣ ስለ ነፋሱም ስለ ውሃውም ማንንም ሳይጠይቅ በጎንደር መውጫ ያለችውን አዘዞን ያልፋል።

ስለ ዓሦቹ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እቅዱ የሚለያየው በምትፈልጉት ዓሣ ነው። ጣና ላይ ሦስቱን ነው በብዛት የምታገኙት። ቆሮሶ አለ፣ ሌላው አገር ቲላፒያ የሚለው። ቀን ቀን ነው የሚመገበው፣ ሞቅ ያለ ውሃና ዳር ዳሩን ይወዳል። አምባዛ አለ፣ ጢማሙ። እሱ ማታ ነው የሚወጣው፣ ምግቡንም በጢሙና በማሽተት ስለሚፈልግ ድፍርስ ውሃ አይገደውም። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት ቤተሰብ ነው፣ አብዛኞቹም ከጣና ውጭ በዓለም ላይ የትም የሉም። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል፤ ከቤቴ አንድ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ።

አሁን ወደ ወራቱ።

መስከረም ላይ ሐይቁ ጢም ብሎ ይሞላል። ከሰኔ መግቢያ ጋር ስታነጻጽሩት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፤ ሜዳማ በሆነው የደንቢያ ዳርቻ ይህ ማለት ብዙ ሣርና ማሳ ውሃ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ውሃው ከየማሳው የታጠበ አፈር ስለተሸከመ ቡናማ ነው። ጥቅምት ላይ መጥራት ይጀምራል። ግን ክረምቱ ሲወጣ እንቦጩም ይበረታል። ይህ አረም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሐይቁን ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ይዞታል፣ በተለይ የመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢን። ሥሩ መንጠቆ ይይዛል፣ ክር ይበጥሳል፣ የጀልባ ሞተርም ያንቃል። ስለዚህ እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ከመነሳታችሁ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውሉና «እንቦጩ ዛሬ የት ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ያልኩት አውቄ ነው። ነፋስ በአንድ ሌሊት ከአንድ ዳር ወደ ሌላው ያዞረዋል።

ታኅሣሥና ጥር ውሃው ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ዓሣ ሰውነቱ የሚሞቀው በውሃው ልክ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ይደነዝዛል፣ ብዙም አይበላም። በእነዚህ ወራት ገና ጎህ ሲቀድ ቆሮሶ ፍለጋ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም። ፀሐይ ዳር ዳሩን እስክታሞቀው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ድረስ ታገሱ። የሚያዋጣችሁ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው።

የእኔ ምርጫ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ነው። ውሃው ሞቋል፣ ወርዷል፣ ዓሣው የሚቆምበትን ቋጥኝና ደንገል ለይቶ ማየት ይቻላል፣ ዝናብም የለም። በእነዚህ ወራት በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ መንጠቆ ቢጣል ይበላል። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ዓሣ የሚበላውም የማይበላውም አለ፣ ገበያው ግን ይደራል፣ መረቡም ይበዛል። ውሃ ላይ ተደርድሮ የሚንሳፈፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ጀሪካን ካያችሁ ከሥሩ የሰው መረብ አለ። ራቁ። እናንተ ለመዝናናት ነው የወረዳችሁት፣ እሱ ልጆቹን የሚያበላው በዚያ ነው።

ግንቦት ላይ ሙቀቱ ይበረታል፣ የመጀመሪያዎቹ ነጎድጓዶችም ይመጣሉ። ዝናቡ ጠንክሮ ዳርቻው በውሃ መዋጥ ሲጀምር አምባዛ እንቁላል ሊጥል ወደ ጥልቀት የሌለው ሣር ይወጣል፣ በእጅ ሊያዝ እስኪደርስ ድረስ። ያኔ እኔ መንጠቆዬን እሰቅላለሁ።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ የወንዝ አፍ ላይ አታጥምዱ። መገጭ፣ ድርማ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ የትኛውም ላይ። ነጭ ዓሣው ጥርት ያለ ጠጠርና የሚፈስ ውሃ ፈልጎ በእነዚህ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። መውጫው ጠባብ ስለሆነ እዚያ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ገና እንቁላሏን ያልጣለችውን እናት ጠርጎ ይወስዳል። የሐይቁ ነጭ ዓሣ ክፉኛ የቀነሰበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው። ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትንም አለ፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይሞታል፣ በመርዝ ማጥመድ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ስትወርዱ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉና ስለ ፈቃድና ስለተከለለ ቦታ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ነፋሱን ያስተማረኝ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ጥር ላይ ከጎንደር በ1 ሰዓት ተነስተን፣ ቆላድባ ቁርስ በልተን፣ ጀልባ ተስማምተን ውሃው ላይ ስንደርስ 6 ሰዓት ሆነ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየንም፣ ማዕበሉ ጀልባውን ያላጋው ጀመር። ባዶ እጃችንን ተመለስን። ሽማግሌው ታንኳቸውን ዳር ላይ እያደረቁ ነበር፣ የቀኑን ሥራ ጨርሰው። «አያ፣ ዛሬ ምን ነካው?» አልኳቸው። «ምንም አልነካው ልጄ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ሐይቁ በጠዋት የእኛ ነው፣ ከቀትር በኋላ የነፋሱ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል። በየብሱ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ጎርጎራ ያለችው በሰሜኑ ዳርቻ ስለሆነ ይህ ነፋስ ማዕበሉንም እንቦጩንም ወደ እናንተ ነው የሚገፋው። ሌሊት የብሱ ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፣ ጠዋትም ውሃው ጸጥ ይላል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። እንዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል፣ ከሥሩ ጭቃ ስለሚያነሳም ይደፈርሳል። ስለዚህ ማደር ከቻላችሁ ዋዜማውን ወርዳችሁ ጎርጎራ እደሩ። ከ6 ሰዓት በፊት ከውሃ ውጡ። የሕይወት ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ።

መብረቅ ሲበርቅ መቁጠር ጀምሩ። ብልጭታውን አይታችሁ 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ ደመናው ከ10 ኪሎ ሜትር አይርቅም፣ ያኔ የሚያዋጣው ወደ ዳር መቅዘፍ ነው። የያዛችሁት ዘንግ ብረት ወይም ካርቦን ከሆነ አስቀምጡት።

ወደ ጨረቃዋ። ሐይቅ እንደ ባሕር በጨረቃ ስበት የሚታይ ከፍና ዝቅ የለውም። እዚህ የምትሠራው ብርሃኗ ነው። ድቅድቅ ጨለማ ሲሆን አምባዛ ደፍሮ ወደ ዳር ይወጣል፣ በጠፍ ጨረቃ ሌሊት ግን ጥልቁን ይመርጣል። መረብም በብርሃን ስለሚታይ የሚይዘው ይቀንሳል። ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ በመብራት የሚያጠምዱ ሰዎች ሙሉ ጨረቃ ሲሆን እንዲያውም ሥራ ያቆማሉ፣ መብራታቸው ዓሣውን መሳብ ስለሚያቅተው። ቀን ቆሮሶ ለሚያጠምድ ግን ጨረቃዋ ሙሉ ሆነች ጎደለች ያን ያህል ለውጥ አላየሁም።

ጨረቃዋን ለማወቅ አፕ አያስፈልግም። በዓላት የሚወጡበት የዘመን መቁጠሪያ ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ አለን፣ ቤተ ክህነት አካባቢ ያደገ የጎንደር ልጅ ደግሞ ያውቀዋል። የዓመቱን አበቅቴ፣ ለጨረቃ ስሌት መነሻ የሚሆነውን ቁጥር፣ ያዙ፤ የ2018 ዓ.ም. 12 ነው፣ የ2019 ደግሞ 23። በእሱ ላይ የወሩን ቀን ደምሩ። ሕፀፁንም፣ ማለትም የወሩን ማስተካከያ፣ ጨምሩ፦ ለመስከረምና ጥቅምት 1፣ ለኅዳርና ታኅሣሥ 2፣ እያለ በየሁለት ወሩ አንድ እየጨመረ ሐምሌና ነሐሴ ላይ 6 ይደርሳል። ይህ ድምር ሰማይ ላይ ከምናያት ጨረቃ ወደኋላ ስለሚቀር እኔ 4 እጨምርበታለሁ። ከ30 ካለፈ 30 ቀንሱ። የሚቀረው የጨረቃዋ ዕድሜ በቀን ነው። የ2018ን ከተራ እንውሰድ፣ ጥር 10። 12 እና 3 እና 10፣ 25። 4 ሲጨመር 29። ጨረቃ የለችም ማለት ነው፤ በዚያ ሌሊት ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ላደረ ሰው ሰማዩ ጨለማ ነበር። ውጤቱ አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፣ ለዓሣ ግን ይበቃል።

ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ማግኘት ካልቻላችሁ ሰዓቱን ተጠቀሙበት። ጨረቃዋ 14 እና 15 ቀን ሲሞላት ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፣ ከዚያ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። 19 ላይ የምትወጣው ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነው። ከ1 ሰዓት ጀምሮ እስክትወጣ ያለው ጨለማ ለአምባዛ በጣም ጥሩ ነው፣ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት መንጠቆው ላይ ሰክታችሁ ከሥር አስቀምጡት። በ7 ወይም በ8 ደግሞ የምትገባው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ጨለማው ከዚያ በኋላ ነው።

የሌሊቱ ዓሣ ግን ጣጣ አለው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደንቢያ ላይ የወባ ጊዜ ነው፣ ጨረቃዋ የቱንም ያህል ብትመች ሌሊቱን ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ለትንኝ መጋበዝ አይገባም። ጥርና የካቲት ይሻላሉ፣ ያኔም ቢሆን እጅጌ ረጅም ልብስና አጎበር ያዙ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል። በእሱና በሐይቁ መካከል ከተገኛችሁ አይምራችሁም። ስለዚህ ሌሊት የወንዝ አፍና ደንገል ውስጥ አትግቡ፣ አገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ወደቡ አካባቢ ሁኑ። ቀንም ቢሆን በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትቁሙ፣ ቢልሃርዝያ አለ። በተለይ ፀሐይዋ ከጠነከረች በኋላ ይብሳል፣ ቦቲ ጫማ ይረዳል።

መንገዱ ከጎንደር በአዘዞና በቆላድባ አድርጎ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ዋዜማ ላይ የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቁ፣ ጥርጣሬ ካለ ሌላ ሳምንት ይሁን። ዓሣው የትም አይሄድም።

የያዛችሁትን እዚያው ዳር ላይ ሆዱን አውጡ፣ ከመዳፍ ያነሰውን ግን ገና ሲወጣ በሕይወቱ መልሱት። ቆሮሶ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። በረዶ ከሌለ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ መኪናው ውስጥ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጡት፣ ጣሪያ ላይ አይጫን። ከጎርጎራ በ6 ሰዓት ከተነሳችሁ ለምሳ ባይሆን ለመክሰስ ይደርሳል።