«ልጅዎ ተማሪ መታ» ተብሎ ሲደወል ምን ይደረጋል?

አሜሪካ ልጅ የምታስተምሩ ይህን ስልክ ታውቁት ይሆናል። «ልጅዎ ዛሬም ተማሪ መታ። ሳይኮሎጂስታችን ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል።» ብዙዎቻችን «ልጄ አበደ እንዴ?» ብለን እንደነግጣለን። የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስት ግን የሚመጣው ሊቀጣም መድኃኒት ሊያዝም አይደለም። ልጁ ለምን እንደሚማታ ሊያጠና ነው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን በኢሜይል ላኩ። «ኤፍ ቢ ኤ ይሠራለት» በሉ፤ የጠባዩን መንስኤ የሚፈልገው ጥናት የሚጠራው እንዲህ ነው። የስልክ ወሬ ይረሳል፣ ኢሜይል ቀን አለው። ለልዩ ትምህርት የሚደረግ ግምገማ ከሆነ ደግሞ፣ የፈረማችሁበት ፈቃድ ከደረሳቸው ጀምሮ በፌዴራል ሕግ 60 ቀን አላቸው። የራሱን ቀነ ገደብ ያወጣ ስቴት በራሱ ይሄዳል።

ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አይከፈልበትም። ልጁን ግን አስተርጓሚ እንዳታደርጉት። የራሱን ክስ ሲተረጉም ግማሹን መንገድ ላይ ያስቀረዋል።

ከዚያ ሳይኮሎጂስቱ ክፍል ገብቶ ሦስት ነገር ይመዘግባል፦ ከመማታቱ በፊት ምን ነበር፣ ምን አደረገ፣ ከዚያስ ምን አገኘ። አንድ ልጅ «ጮክ ብለህ አንብብ» በተባለ ቁጥር ጎኑ ያለውን ይገፋል እንበል። ከክፍል ይባረራል። ማንበቡም ቀረለት! ቅጣት ያልነው ነገር ለእሱ መገላገያ ሆነ ማለት ነው። ሌላው የሚማታው ምሳ ሰልፍ ላይ ሲሰድቡት ብቻ ሊሆን ይችላል። እናንተም ቤት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ መዝግቡ። እንቅልፉንም ጨምሩ።

ቀጥሎ እቅድ ይወጣል። ለዚያ አንባቢ፣ ንባቡን ቀድሞ ለብቻው መለማመድና «እረፍት እፈልጋለሁ» የሚል ካርድ ማሳየት ሊሆን ይችላል። ማን እንደሚከታተለውና መቼ እንደሚገመገም ሳትጠይቁ አትውጡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢብስበት አትደንግጡ። የድሮው ዘዴ እንቢ ሲለው አጥብቆ ይሞክረዋል።

እስከዚያው ቀበቶውን ተዉት። ስለተማታ መምታት ያንኑ ማስተማር ነው። ደግሞም የትምህርት ቤት ሠራተኞች የድብደባ ምልክት ካዩ ለሕጻናት ጥበቃ የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው።

ልጁ አይ ኢ ፒ (ለልዩ ትምህርት ተማሪ ለብቻው የሚወጣ የትምህርት እቅድ) ካለውና በተከታታይ ከ10 የትምህርት ቀን በላይ እንዲታገድ ከተወሰነ፣ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ ስብሰባ መደረግ አለበት። ጥያቄው ድርጊቱ የመጣው ልጁ አይ ኢ ፒ ካገኘበት የጤና ወይም የትምህርት ችግር ነው ወይ የሚል ነው። ቤት የመዘገባችሁበትን ደብተር ይዛችሁ ግቡ።