ዙም የሌለው የአደን ስኮፕ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ማጉያው አንድ ቁጥር ላይ የቆመ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ የሚገጠም ማነጣጠሪያ መነጽር)፣ ማለት 4×32 ወይ 6×42 ምናምን የሚባሉት ፊክስድ ፓወሮች (የመጀመሪያው ቁጥር ማጉያው፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው)፣ ለአደን እስካሁን የምመርጣቸው ናቸው። ዙም ስለሌላቸው ውስጣቸው ያለው ሌንስም ተንቀሳቃሽ እቃም ያንሳል፣ ክብደታቸውም ይቀላል፣ እኩል ብር አውጥታችሁ ደሞ ብዙ ጊዜ ከዙሙ የተሻለ መስታወት ታገኛላችሁ። ግን ቁጥሩን በኋላ መቀየር የለም። ዙም ያለውን ተሳስታችሁ ብትገዙ ጠምዘዝ አርጋችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ይሄኛው ግን ስህተቱ አብሯችሁ ጫካ ይገባል፣ ስለዚ ማሰብ ያለባችሁ ሳትከፍሉ በፊት ነው።

ትልቁ ስህተት ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው። እኔ 10×40 ገዝቼ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ሆኜ በሩቅ ያለ ትንሽ ጽሁፍ ጥርት ብሎ ሲነበብልኝ በቃ ይሄ ነው አልኩ። ጫካ ስገባ አንድ አጋዘን 30 ሜትር ላይ ከቁጥቋጦ ወጥቶ ቆመ፣ ጠመንጃውን አንስቼ ሳይ የሚታየኝ ቡናማ ጸጉር ብቻ ነው። ትከሻው ይሁን ሆዱ ይሁን መለየት አልቻልኩም፣ ወደ ግራ ስል ቅጠል፣ ወደ ቀኝ ስል እንደገና ጸጉር፣ እንዲህ ስል ሄደ። ቃታውን ባለመሳቤ ዛሬም ደስ ይለኛል፣ በግምት የተተኮሰበት እንስሳ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ተሰቃይቶ ነው የሚሞተው። ነገሩ ግልጽ ነው፣ 4 የሚያጎላ ስኮፕ 100 ሜትር ላይ 10 ሜትር ገደማ ስፋት ያሳያችኋል፣ 10 የሚያጎላው ግን 4 ሜትር ገደማ ነው፣ 30 ሜትር ላይ ሲሆን ደሞ አንድ ሜትር ከትንሽ ይቀራል። የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ 2.5 ወይ 4፣ ጫካና ሜዳ የተቀላቀለበት ከሆነ 6፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ጠመንጃውን አስደግፋችሁ የምትተኩሱ ከሆነ ብቻ 8 እና 10። አጋዘን የሚያክል እንስሳ እስከ 200 ሜትር ድረስ በ4 በደንብ ይመታል፣ ይሄን የማያምን ሰው ብዙ ነው ግን እውነት ነው።

ሁለተኛው የፊት ሌንሱን ትልቅነት ብቻ አይቶ "ይሄ በድንግዝግዝ ያበራል" ማለት ነው። ሌንሱን ለማጉያው አካፍሉት። 4×32 ስታካፍሉት 8 ሚሊሜትር ይመጣል፣ 6×42 ደሞ 7፣ የኔ 10×40 ግን 4 ብቻ። ይሄ ቁጥር ከኋላ ወደ አይናችሁ የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የአይናችን ብሌን ጨለም ሲል ወጣት ሰው ላይ 7 ሚሊሜትር ገደማ ይከፈታል፣ እድሜ ሲጨምር ወደ 5 እየወረደ ይሄዳል፣ ስለዚ እንስሳ በሚወጣበት በጎህና በምሽት ሰአት 4 ሚሊሜትር የሚሰጥ ስኮፕ ቶሎ ይጨልምባችኋል። 8×56ም 7 ነው የሚሰጠው፣ በድንግዝግዝ በጣም ጎበዝ ነው፣ ግን ይከብዳል፣ የፊት ሌንሱ የጠመንጃውን በርሜል እንዳይነካ ከፍ ያለ ቀለበት (ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚያስረው) ይፈልጋል፣ ከፍ ሲል ደሞ ጉንጫችሁ ከሰደፉ ይለቃል። ቱቦው 30 ሚሊሜትር ስለሆነ ብርሃን ይጨምራል የሚሏችሁንም አትስሙ፣ የሚጨምረው የማነጣጠሪያው ማስተካከያ የሚንቀሳቀስበትን ቦታ ነው።

መስታወቱን ሱቅ ውስጥ በደማቅ መብራት መሞከርም ያታልላል፣ እዛ ሁሉም ስኮፕ ያምራል። ከቻላችሁ ሊመሽ ሲል ውጪ አውጡትና ዛፍ ስር ያለ ጥላ ውስጥ እዩ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ከተለየላችሁ ጥሩ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ጭቃ ከመሰለ ተዉት። ጸሀይን ግን በፍጹም በስኮፕ አትዩ፣ አይን ያጠፋል። ሽፋን የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ 4 ፐርሰንት ገደማ ብርሃን ይመልሳል፣ ስኮፕ ውስጥ ደሞ ብዙ ገጽ ስላለ ተደምሮ ብዙ ይሆናል። "ኮትድ" ብቻ ከሚለው "ፉሊ መልቲ ኮትድ" የሚለው የሚሻለው ለዛ ነው፣ ሁሉም አየር የሚነካው ገጽ ብዙ ድርብ ሽፋን አለው ማለት ነው።

ውስጡ ለማነጣጠር የሚታየው መስቀልም ላይ እንደዛው፣ ቀጭን መስመር በቀን ያምራል፣ ሲመሽ ግን ይጠፋል። ዳሩ ወፍራም መሀሉ ቀጭን የሆነውን ውሰዱ።

የአይን ርቀትን ብዙ ሰው ቅንድቡ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው የሚያስበው። ጠንካራ ጠመንጃ ወደኋላ ሲመታ ስኮፑም አብሮ ይመጣል፣ ስለዚ ከአይን እስከ ኋላ ሌንስ ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር የሚሰጥ ይሁን። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይታችሁ በቁማችሁ ብቻ ሳይሆን ቁጭ ብላችሁም፣ ተኝታችሁም፣ ወደ ዳገት አነጣጥራችሁም ሞክሩ፣ ፊት ወደ ሌንሱ የሚጠጋው እዛ ጋ ነው።

ለትንሽ ካሊበር የተሰራ ስኮፕ ትልቅ ጠመንጃ ላይ መግጠምም አለ። ብዙ ጊዜ ፓራላክሱ፣ ማለት አይናችሁ ትንሽ ቢዛነፍም መስቀሉ ኢላማው ላይ የማይንሸራተትበት ርቀት፣ 50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ) ላይ የተስተካከለ ነው፣ የትልቁ ግን 100 ወይ 150 ላይ። በስፕሪንግ የሚሰራ የአየር ጠመንጃ ደሞ ወደኋላም ወደፊትም ስለሚመታ ለሱ ያልተሰራ ስኮፕ ይሰብራል።

በስኮፕ አካባቢውን መቃኘት ግን ስህተት ብቻ አይደለም፣ አደጋ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ የተንቀሳቀሰው ሰው ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ደሞ አፈሙዙን ደቅናችሁበታል። ለመፈለግ ባይኖኩላር ያዙ፣ ስኮፑ ምን እንደሆነ ካወቃችሁ በኋላ ነው።

ጥሩ ስኮፕ ገዝቶ በርካሽ ቀለበት ማሰርም ያው ገንዘብ መጣል ነው። ከገጠማችሁ በኋላ ተኩስ በሚፈቀድበት ቦታ ጠመንጃውን አሸዋ የተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፉና አንድ ሶስት ጥይት ተኩሱ፣ ከዛ ማስተካከያውን 20 ክሊክ (ቀጭ የሚለው አንዱ እርምጃ) ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ላይ፣ 20 ወደ ግራ፣ 20 ወደ ታች፣ በየመሀሉ እዛው ነጥብ ላይ እያነጣጠራችሁ ተኩሱ። ማስተካከያው ሩብ ኤምኦኤ (ኤምኦኤ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው) ከሆነ አንዱ ክሊክ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን 20ው 14 ወይ 15 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት፣ የመጨረሻው ጥይት ደሞ የመጀመሪያዎቹ ጋ ይመለሳል። ካልተመለሰ መጀመሪያ የቀለበቱንና የመቀመጫውን ብሎኖች እዩ፣ ጠብቀው እያለ አሁንም ከተንከራተተ ስኮፑን ዋስትናው ሳያልፍ ወደ ገዛችሁበት መልሱት።